የውሰት ጥላ፦ ፒያሳን በከሰል ስለ መሣል

ፒያሳ ከፈረሰች ወዲህ የከሰል ሥዕሏ በዝቷል። ኢንስታግራም ስትከፍቱ አለች፤ ቴሌግራም ላይ አለች፤ ካፌ ገብታችሁ ማኪያቶ ስታዙ ግድግዳው ላይ ተሰቅላ ታያችኋለች። ሥዕሉ ሁሌም ያው ነው ማለት ይቻላል። ጠባብ መንገድ፣ ግራና ቀኝ ዘመም ያሉ ባለ በረንዳ ቤቶች፣ ከሩቅ ጉም የዋጠው ጉልላት፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚያብረቀርቅ የመንገድ መብራት፣ መሃል ላይ ደግሞ ጃንጥላ ይዞ ጀርባውን ሰጥቶን የሚሄድ አንድ ሰውዬ። ከሥሩ «ድሮ ቀረ» ተብሎ ይጻፍበታል። ላይኩ ይጎርፋል፤ ኮሜንቱ ላይ ሰው ያለቅሳል።

እውነቱን ለመናገር ከነዚህ ውስጥ የምወዳቸው አሉ። እጃቸው የተባረከ ልጆች አሉ፤ የአንድን በረንዳ የእንጨት ፍልፍል ሲሠሩ እንጨቱን የጠረበው አናጢ የልጅ ልጅ ይመስላሉ። ግን በብዛት ሳያቸው አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ቤቱ የአራዳ ነው፣ በረንዳው የአራዳ ነው፣ ጥላው ግን የአራዳ አይደለም። ጥላው የፓሪስ ነው።

ይሄ ነገር ነዝናዛነት ሊመስላችሁ ይችላል። «ሰው ሰፈሩ ፈርሶበት አንተ የጥላ ርዝመት ትለካለህ እንዴ?» ብትሉኝ አይፈረድባችሁም። ነገር ግን ሰፈሩ አንዴ ከፈረሰ ሥዕሉን የምናመሳክርበት ነገር አይኖርም። ሄዶ «እውነት እንዲህ ነበር?» ብሎ ማየት ቀርቷል። ከሃያ ዓመት በኋላ «ዶሮ ማነቂያ ምን ይመስል ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ የሚያገኘው ፎቶውንና ሥዕሉን ነው። ስለዚህ ጥላው ውስጥ ምን እንደነበር፣ በተለይ ደግሞ ማን እንደነበር፣ በትክክል መሣሉ የጌጥ ጉዳይ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም እሱ ነው፦ ጥላውን ስንዋስ ጥላው ውስጥ የኖረውን ሰው እናጠፋለን።

ከሰል ብርሃን የለውም

በቀለም ስትሥሉ ብርሃኑን ራሱን ትቀባላችሁ። ነጭ ወይም ቢጫ ጨምቃችሁ ሸራው ላይ ታሳርፋላችሁ። በከሰል ግን እጃችሁ ላይ ብርሃን የሚባል ነገር የለም፤ ያላችሁ ጥቁር ብቻ ነው። ብርሃኑ ወረቀቱ ነው። ነጭ ጠመኔ የሚጨምሩትን ወደ ጎን ብንተው፣ በከሰል ብርሃን የሚገኘው በሁለት መንገድ ነው፦ ወይ ወረቀቱን ሳትነኩት በመተው፣ ወይ ያጠቆራችሁትን በላጲስ መልሳችሁ በማንሣት። የመጀመሪያው ብርሃን ንጹሕ ነው። ሁለተኛው እምብዛም አይነጻም፤ የከሰሉ ዱቄት ወረቀቱ ስርጉድ ውስጥ ስለሚገባ የተሰረዘው ቦታ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ድሮ አውሮፓውያን ከሰል የሚያነሡት በዳቦ ፍርፋሪ ነበር፤ ዛሬ እንደ ሊጥ የሚለወስ ላጲስ አለ፤ በሁለቱም ቢሆን ዱካው አይጠፋም።

ስለዚህ የከሰል ሥዕል ከመጀመሪያው ምርጫ ነው። የቱን ልተው? የቱን ልሸፍን? ጥቁሩ ደግሞ ሰነፍ እጅን ያባብላል። በአውራ ጣት ፈተግ ስታደርጉት በሰከንድ ውስጥ «ሙድ» ይመጣል። ሠዓሊው ያላየውን ነገር፣ መሣል ያቃተውን እጅና እግር፣ ማሰብ ያልፈለገውን ጥግ ሁሉ እዚያ ውስጥ ሊጥለው ይችላል። አንድን የከሰል ሥዕል ፊት ለፊት ሳገኘው መጀመሪያ የምጠይቀው ቀላል ጥያቄ አለ፦ ጥቁሩ ውስጥ የሆነ ነገር አለ ወይስ ጥቁር ብቻ ነው?

ለኛ ከሰል ሌላም ነገር ነው። አውሮፓ ውስጥ የሥዕል ከሰል ከአኻያ ወይም ከወይን ሐረግ ተዘጋጅቶ በሣጥን የሚሸጥ ዕቃ ነው። እኛ ጋ ከሰል የሥዕል መሣሪያ ከመሆኑ በፊት ቡና ነው፣ ሽሮ ነው፣ የብርድ ጊዜ ሙቀት ነው። የብዙ ልጅ የመጀመሪያ ሥዕል ከማንደጃ ሥር በተለቀመ ስባሪ ግድግዳ ላይ የተሞከረ ነው፤ የመጀመሪያው የሥነ ጥበብ ሂስም የእናት ጩኸት ነው። ፒያሳን በከሰል መሣል ማለት እንግዲህ ቤቱን በገዛ ጓዳው ጥላሸት መሣል ማለት ነው። መሣሪያው የቤቱ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ይዘን የሰው አገር ጉም ፍለጋ መሄዳችን ነው የሚገርመኝ።

የፓሪስ ጥላ

ጥላው የፓሪስ ነው ስል ፓሪስን መስደቤ አይደለም። ፓሪስ ጥላዋን በሥራ ነው ያገኘችው። ሻርል ሜሪዮን የሚባል፣ ቀለም መለየት የሚቸግረው ሠዓሊ፣ እ.ኤ.አ. ከ1850 እስከ 1854 የድሮዋን ከተማ መንገዶችና ድልድዮች በመዳብ ሰሌዳ ላይ በአሲድ እያስበላ አተመ። ኅትመት ነው እንጂ ከሰል አይደለም፤ ግን የጥቁርና ነጭ ከተማ አሣሣል በሱ እጅ ብዙ ተምሯል። ጊዜውን ልብ በሉት። በ1853 ኦስማን የከተማዋ አስተዳዳሪ ሆኖ ተሾመ፤ ጠባቦቹን መንገዶች እያፈረሰ ሰፋፊ ጎዳናዎችን መዘርጋት ያዘ። ሜሪዮን የሣላት ፓሪስ ልትፈርስ ጥቂት የቀራት ፓሪስ ነበረች። የሚፈርስ ከተማን በጥቁርና ነጭ መሣል እንግዲህ በኛ አልተጀመረም።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ ዦርዥ ሱራ መጣ። ብዙ ሰው የሚያውቀው በነጠብጣብ ቀለም ሥዕሎቹ ነው፤ ለኔ ትልቁ ሱራ ግን ባለ ንድፉ ሱራ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ሻካራ ወረቀት ላይ፣ ኮንቴ በሚባል ከከሰል ጠንከር ያለ ጥቁር ጠመኔ ሠራ። ጠመኔውን ሳይጫን ሲያሳልፈው ጥቁሩ የወረቀቱን ጉብታ ብቻ ይነካል፤ ስርጉዱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የሱራ ጨለማ ዝግ አይደለም፤ በየቦታው ነጭ ነጥብ ያስተነፍሰዋል። ኒውዮርክ ጉገንሃይም ሙዚየም ውስጥ የኮንኮርድ አደባባይን በበረዶ ወቅት የሣለበት ንድፍ አለ። መሬቱ በረዶ ነው፤ ማለትም ወረቀት። የመብራት ምሰሶና ሠረገላ ከጭጋጉ ውስጥ ቀስ ብለው ይወጣሉ፤ የሰላ መስመር ፈልጋችሁ አታገኙም። አደባባዩ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ባዶነቱ ግን የመጣው ከሠዓሊው ስንፍና ሳይሆን ከብርዱ ነው።

ይሄ ጥላ ከየት መጣ? ከሰማዩ። ፓሪስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 49 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአድማስ ከ18 ዲግሪ በላይ ቀና አትልም። የሰው ጥላ ከቁመቱ ሦስት እጥፍ ይረዝማል፤ እሱም ደመናው ከገለጠ ነው። ሱራ ቤቱ ደጃፍ ያገኘውን ብርሃን ነው የሣለው። ረጅምና ለስላሳ ጥላ፣ ጠርዙ የጠፋ ነገር፣ ከቀትር በኋላ ወዲያው የሚበራ ፋኖስ፣ ይሄ ሁሉ ለሱ የመንገዱ ዜና ነበር። ለኛ ግን ስታይል ሆኖ ደረሰን።

የደረሰንበት መንገድም ግልጽ ነው። በነባሩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ቅዱሳን መሬት ላይ ጥላ አይጥሉም፤ ብርሃኑ ከአንድ መስኮት ወይም ከአንድ ፀሐይ የሚመጣ አይደለም፣ በሁሉም ላይ እኩል ነው። ብርሃን ከአንድ አቅጣጫ እንዲመጣ አድርጎ፣ ጥላውን በሌላው ጎን እየጣሉ መሣልን የወሰድነው ከአውሮፓ አካዳሚ ትምህርት ነው። ቺካጎ ተምረው የተመለሱት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ገደማ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲያቋቁሙ ይህ ትምህርት ቋሚ ቤት አገኘ። ዛሬ ደግሞ ዩቲዩብ አለ። «የድሮ ከተማ በከሰል እንዴት ይሣላል» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ብትፈልጉ የሚመጣላችሁ ዝናብ፣ ፋኖስና ጃንጥላ ነው። ልጆቹ ላይ አልፈርድም። የተማሩት ጥላ ይህ ነው።

እኩለ ቀን በአራዳ

እስቲ አሁን ወደ ራሳችን ሰማይ እንምጣ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ። በታኅሣሥ እንኳ፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ ርቃ በሄደችበት ጊዜ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ የሰው ጥላ ከቁመቱ ሁለት ሦስተኛ አይሞላም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ግድም፣ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ ጥላችሁ ጫማችሁ ሥር ይገባል። በነዚያ ሁለት ቀናት መካከል ባሉት ወራት ደግሞ የእኩለ ቀን ጥላችን ወደ ደቡብ ይዞራል። ፓሪስ ውስጥ ይሄ በፍጹም አይሆንም፤ እዚያ የእኩለ ቀን ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ነው።

ይህ ለመንገድ ሥዕል ምን ማለት ነው? መሬት ላይ የተጋደመ ረጅም ጥላ የአራዳ መንገድ የቀን መልክ አይደለም ማለት ነው። ጠዋትና ማታ እርግጥ አለ፤ ግን እዚህ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣና ቀጥ ብላ ስለምትገባ ያ ጊዜ አጭር ነው። ቀኑን ሙሉ ጥላው የሚኖረው ግድግዳው ላይ ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ ፀሐይ ከፍ ባለች ቁጥር መሬት ላይ ያለው ጥላ ያጥራል፤ ከጣሪያ ክፈፍ ወደ ግድግዳ የሚወርደው ጥላ ግን ይረዝማል። አራዳ ውስጥ ጥላ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መጋረጃ ነው።

የዚህ መጋረጃ ጠርዝ ደግሞ የራሱ ቅርጽ አለው። የድሮው አራዳ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። የቆርቆሮው ጫፍ ሞገድ ስለሆነ ጭቃው ግድግዳ ላይ የሚያርፈው የጥላ ጠርዝም ሞገድ ነው፤ እንደ ነጠላ ጥለት ይሄዳል። ይህንን ጠርዝ በትክክል የሣለ አንድ የከሰል ሥዕል ባየሁ ቁጥር ሰውየው እዚያ ቦታ ቆሞ እንደነበር አውቃለሁ። ከዩቲዩብ አይገኝማ! ቆርቆሮው ራሱም ፈተና ነው። አዲስ ቆርቆሮ ሰማዩን ስለሚመልስ ከሥዕሉ ሁሉ ነጩ ቦታ እሱ መሆን አለበት፤ ወረቀቱን ሳትነኩ የምትተዉበት ቦታ። የዛገው ደግሞ ከግድግዳው ይጠቁራል። አንድ ጣሪያ ላይ ሁለቱም ተጠጋግነው ይገኛሉ፤ የቱ ዘመን የቱ ቤተሰብ ትንሽ ገንዘብ እንዳገኘ ጣሪያው ይናገራል። በጉም የተሸፈነ ጣሪያ ግን ይህን ሁሉ አይናገርም።

ከሁሉ የሚበልጠው በረንዳው ነው። ጠንካራ ፀሐይ መሬት ላይ ስታርፍ ብርሃኑ ወደ ላይ ይመለሳል። ስለዚህ በረንዳ ሥር ያለው ጥላ ድፍን ጥቁር አይደለም፤ ከመሬት በሚመለስ ብርሃን ከሥር ወደ ላይ ይበራል። እዚያ የተቀመጠ ሰው ፊቱ የሚበራው ከአገጩ በኩል ነው። የበረንዳው ኮርኒስ እንኳ ከግድግዳው የላይኛው ክፍል ሊነጣ ይችላል። ለከሰል ይህ ትልቅ ሀብት ነው፦ ጥቁር ውስጥ ሌላ ሦስት አራት ዓይነት ጥቁር አለ፣ በጥቁሩ ውስጥም ሰው አለ።

የአራዳ ሕይወት በዚያ ጥላ ውስጥ ነበር። አየሩ ቀዝቃዛ ፀሐይዋ ኃይለኛ ስለሆነች ሁለት እርምጃ ማለት ከሙቀት ወደ ብርድ መሻገር ነው። ጠዋት ሰው ፀሐይ የሚመታውን ጎን ይይዛል፤ ፀሐይ ይሞቃል፣ ጋዜጣ ያነባል፣ ያማል። 5 ሰዓት ሲሆን መንገዱ ይገለበጣል፤ ሁሉም ወደ ጥላው ይሸሻል። ሊስትሮው ዕቃውን ያዞራል፣ ቆሎ ሻጯ ትጠጋለች፣ ልብስ ሰፊው መኪናውን ወደ ውስጥ ይስባል። በሌላ አነጋገር የመንገዱ ሰዓት ጥላው ነው። ጥላውን የሳተ ሥዕል ሰዓቱንም ሥራውንም ይስታል።

አማርኛችንም ይህን ያውቃል። እኛ ጋ ጥላ የሚፈራ ነገር ብቻ አይደለም። «ጥላ ከለላ ሁነኝ» እንላለን። ግርማ ሞገስ የሌለውን ሰው «ጥላ ቢስ» እንለዋለን። ታቦት የሚወጣው በጃንጥላ ነው። ጥላ ክብር ነው፣ ዕረፍት ነው፣ መጠጊያ ነው። የፈረንጅ ፊልም ውስጥ ነፍሰ ገዳይ የሚቆምበት ቦታ እኛ ጋ እትዬ እገሊት ቡና የሚያፈሉበት ቦታ ነው።

ካሜራው ያላየው

ብዙዎቹ ሥዕሎች የሚሠሩት ከፎቶ ነው። ቤቱ ስለሌለ አሁን ሌላ አማራጭ የለም፤ ይሄ ይገባኛል። ግን ፎቶ ላይ አንድ የታወቀ ችግር አለ። በጠንካራ ፀሐይ ካሜራ ወይ ብርሃኑን ወይ ጥላውን ይመርጣል። ለደማቁ ግድግዳ ሲስተካከል በረንዳው ሥር ያለው ሁሉ ድፍን ጥቁር ይሆናል። የሰው ዓይን እንዲህ አይደለም፤ ወደ ጥላው ስናይ ይለምዳል፣ ውስጡን ያያል። እዚያ መንገድ ላይ የቆመ ሰው በረንዳው ሥር የተቀመጡትን ሴትዮ ያያቸዋል፤ ፎቶው አላያቸውም።

ሠዓሊው ፎቶውን እንዳለ ሲቀዳ የካሜራውን ድክመት የሰፈሩ ታሪክ ያደርገዋል። ጥቁሩን በከሰል ጥሩ አድርጎ ይሞላዋል፣ በአውራ ጣቱ ያለሰልሰዋል፤ ሙድ ይመጣል። ሴትዮዋ ግን ለሁለተኛ ጊዜ ጠፉ። ከዚያ በኋላ ባዶ የሆነው መንገድ ሰው ስለሚያስፈልገው ባለ ጃንጥላው ሰውዬ ከየትም ይመጣል። እሱ የማንም ጎረቤት አይደለም። ስም የለውም፣ ፊት የለውም፣ ዕዳ የለበትም። ማንም ሊሆን ስለሚችል ሁላችንም እናዝንለታለን፤ ማንንም ስላልሆነ ግን ምንም አይጠይቀንም።

ሁለት ጨለማዎች

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ፒያሳና ዙሪያዋ፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ በአጭር ጊዜ ፈረሱ። ስለ ማፍረሱ ተገቢነት መከራከር የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። የሚመለከተኝ የተነገረበት ቋንቋ ነው። ያረጀ፣ የተጎሳቆለ፣ ለዓይን የማይመች፣ ጨለማ የዋጠው ሰፈር ሲባል ሰምተናል። አዲሱ መንገድ ደግሞ ከሁሉ በፊት ብርሃን ሆኖ ቀረበ፤ ማታ ማታ በኤልኢዲ መብራት ተሽቆጥቁጦ።

በዚህ ቋንቋ ውስጥ ሰፈሩ ጨለማ ነው፤ ጨለማው ውስጥ ማን እንደሚኖር ግን አይታይም። በናፍቆት ሥዕሎቹም ውስጥ ሰፈሩ ጨለማ ነው፤ ጨለማው ውስጥ ማን እንደሚኖር ግን አይታይም። አንዱ «አስቀያሚ» ይለዋል፣ ሌላው «ውብ»፤ ሁለቱም ያዩት ያንኑ ባዶ ጥቁር ነው። የምለው ይሄን ነው። ናፋቂው ሥዕል የአፍራሹን ቋንቋ የሚቃወም ይመስለዋል፤ ጥላውን ባዶ እስካደረገ ድረስ ግን ያው ቋንቋ ነው፣ ለስለስ ባለ ድምፅ።

በጥላው ውስጥ የነበረው እውነት ውበት ብቻም አልነበረም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ በኋላ ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ሆኑ። ኪራዩ ትንሽ ነበር፣ ጥገናውም እንደዚያው። ጣሪያው ያፈሳል፣ መጸዳጃው የጋራ ነው፣ የማድ ቤቱ ግድግዳ በጭስ ጠቁሯል። በርቀት የሚናፍቅ ሰው ያንን ጥላሸት ሸካራ ውበት አድርጎ ሊሥለው ይችላል፤ እዚያ ጭስ ውስጥ ዓይናቸው የሚያለቅስ ሴት ግን ሌላ ሥዕል ነው ያላቸው። ያንኑ ቤት የልጆቻቸው ሁሉ መወለጃ አድርገውም ያስታውሱታል። ጥሩ የከሰል ሥዕል ሁለቱንም መያዝ ይችላል፤ ከሰል ለዚህ የተፈጠረ ነው፣ በነጭና በጥቁር መካከል ያለው ሰፊ ግራጫ የሱ ርስት ነው።

ከፓሪስ ቀጥላ ሁለተኛዋ

«ታዲያ እንዴት ይሣል?» ለሚል ሰው መልሱን ፍለጋ አውሮፓ መሄድ አያስፈልገውም። ጆሃንስበርግ ይበቃል። በ1955 እ.ኤ.አ. እዚያው የተወለደው ዊልያም ኬንትሪጅ በ1989 የስምንት ደቂቃ ገደማ የሥዕል ፊልም ሠራ፤ ስሙም «ጆሃንስበርግ፣ ከፓሪስ ቀጥላ ሁለተኛዋ ታላቅ ከተማ» ነው። ስሙ ራሱ ቀልድ ነው፤ ራሷን በፓሪስ የምትለካ ከተማ ላይ የተሠራ ቀልድ። ጆሃንስበርግም ከፍታ ላይ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ፤ ብርሃኗም እንደኛው ምሕረት የለሽ ነው። ኬንትሪጅ ጉም አልተበደረላትም። የማዕድን ቁልል፣ የሽቦ አጥር፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ገላጣ ሜዳ ነው የሣለላት፤ ቆንጆ እንድትመስል አልለመናትም።

አሠራሩ ከኛ ጥያቄ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። እንደ ካርቱን ሠሪ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አዲስ ሥዕል አይሠራም። አንዱን የከሰል ሥዕል ይሠራል፣ ፎቶ ያነሣዋል፣ ትንሽ ሰርዞ ትንሽ ይሥላል፣ እንደገና ፎቶ ያነሣል። ስለዚህ ሰው ሲራመድ ከኋላው የተሰረዘው እግሩ ግራጫ ሆኖ ይከተለዋል። ሕዝብ በሜዳው ሲያልፍ የሄደበት ዱካ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። በ1994 በሠራው «ፊሊክስ በስደት» ውስጥ የተገደሉ ሰዎች አስከሬን በጋዜጣ ተሸፍኖ ቀስ በቀስ መሬቱን ይመስላል። ሜዳው መልሶ ሜዳ ይሆናል። ተመልካቹ ግን አይቷል፤ ከዚያ በኋላ ያንን ሜዳ ባዶ ነው ማለት አይችልም።

ይህን ነው ከኬንትሪጅ የምንማረው። ባለ ንብረቱ ሶሆ ኤክስታይንን፣ አኒሜሽኑን፣ ሙዚቃውን መቅዳት አይደለም። የከሰልን ጠባይ፣ ማለትም ሰርዘነው የማይጠፋ መሆኑን፣ ከከተማዋ ታሪክ ጋር ማገናኘቱን ነው። ከፒያሳ ሥዕሎች መካከል አንድም ጊዜ ላጲስ በግልጽ የሚታይበት እምብዛም አላጋጠመኝም። ሁሉም ንጹሕ ናቸው፣ ያለቁ ናቸው። ሰፈር የተሰረዘበትን ጊዜ እየሣልን መሰረዝን ከሥዕሉ መደበቃችን ይገርመኛል። እስቲ አስቡት፤ ሙሉ በረንዳ ከነሰዎቹ ሥሎ፣ ከዚያ በላጲስ አንሥቶ፣ የቀረውን ግራጫ እንዳለ ትቶ «ይኸው አራዳ» የሚል ሥዕል።

ክረምትስ?

አንድ ጥሩ መቃወሚያ አለ። «አዲስ አበባ ውስጥ ጉም የለም እንዴ? ሐምሌና ነሐሴን የት አደረግኸው?» እውነት ነው። በክረምት ፀሐይ ለቀናት ትጠፋለች፣ እንጦጦ ይሸፈናል፣ አስፋልቱ ያብረቀርቃል፣ ጃንጥላው ይዘረጋል። ክረምቱን የሣለ ሰው ጥላ ቢያጠፋ ልክ ነው። ግን የኛ ክረምት የፓሪስ በረዶ ወቅት አይደለም። ዝናቡ በኃይል ይወርዳል፣ ያባራል፣ በደመናው ክፍተት ለአምስት ደቂቃ ያቺው ኃይለኛ ፀሐይ ትመጣለች፣ ቆርቆሮው ሁሉ ይጨሳል፣ ከዚያ ይዘጋል። ሰውም ጀርባውን ሰጥቶ በዝግታ አይሄድም፤ ፌስታል ራሱ ላይ አድርጎ እየሮጠ በረንዳ ሥር ይጠለላል፤ ከማያውቀው ሰው ጋር ተጣብቆ ዝናቡ እስኪያባራ ስለ ኑሮ ውድነት ያወራል። በረንዳው በክረምትም የሰው ቦታ ነው። ይህን የሣለልኝ ሰው ካለ የፈለገውን ያህል ጉም ይጨምርበት፤ አልናገረውም።

ሰፈሮቹ ሁሉ ገና አልፈረሱም። ለሚሥል ሰው የምለው አጭር ነው። ወረቀትና ከሰል ይዛችሁ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ሂዱ፤ ፎቶ አንሺዎች «ብርሃኑ መጥፎ ነው» የሚሉበት ሰዓት ላይ። መጀመሪያ ነጩን ቆርቆሮ ሳትነኩ ተዉት። ከዚያ የክፈፉን ሞገድ ጥላ ግድግዳው ላይ አውርዱ። ከዚያ ዓይናችሁ ጥላውን እስኪለምድ ጠብቁና ውስጡ ማን እንዳለ እዩ። የፈረሰውን ከፎቶ የምትሥሉ ደግሞ ፎቶውን ይዛችሁ እዚያ የኖረ ሰው ፈልጉ፤ ብዙዎቹ በሕይወት አሉ፣ ከከተማዋ ዳር ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተበትነው። ጥቁሩን ቦታ በጣታችሁ እየጠቆማችሁ «እዚህ ማን ይቀመጥ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ስም ይነግሯችኋል። ምናልባት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይነግሯችኋል። ያንን ሰው ሣሉት፤ ፊቱን ከአገጩ በኩል አብሩት።

ባለ ጃንጥላውን ሰውዬ ግን እባካችሁ አሰናብቱት። ይህን ሁሉ ጊዜ ሲሄድ ኖሯል፤ አንድም ቀን ዞር ብሎ ደህና ዋላችሁ አላለንም።